ዋጋ አልጠራም ያለው ባሌ

ባሌ ገንዘብ በካውያ ይተኩስ ነበር። ቀልዴን አይደለም፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ሰፈሩ በሙሉ "ካውያው" የሚለው ለዚህ ነው እንጂ ልብስ ሰፊ ስለሆነ አይደለም። ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት በቀኑ የገባውን ወረቀት ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፣ እርጥብ ጨርቅ ጣል ያደርግበታል፣ ከዚያ ካውያውን ቀስ አድርጎ ያሳልፍበታል። ጠርዙን ከጠርዙ አግጥሞ ሲያስረክበኝ ዛሬ ከባንክ የወጣ ይመስላል። የራሱ ሱሪ ግን ጉልበቱ ላይ ተጨማዶ፣ መቀመጫው ላይ ሳስቶ ነው የሚውለው። የልብስ ሰፊ ነገር!

በተጋባን በመጀመሪያው ወር ይህን ሳይ፣ እብድ አገባሁ ብዬ እናቴ ቤት ሄድኩ። እናቴ ነገሩን አዳምጣ ስታበቃ፣ "ይሰክራል?" አለችኝ። "አይ" አልኳት። "ይማታል?" "ኧረ በጭራሽ!" "እና ገንዘብ ተኩሶ ስለሰጠሽ ነው ያኮረፍሽው? በይ ተነሺ፣ ወደ ቤትሽ!" ብላ በመጣሁበት እግሬ መለሰችኝ።

እኔ ደግሞ ነገር ካልገባኝ ምግብ አይወርድልኝም። ሰው ወሬኛ ይለኛል፤ እኔ ግን መጠየቅ ነው የምወደው። አንድ ቀን ቁልፍ እየተከለ ሳለ አጠገቡ ቁጭ አልኩና ጠየቅኩት። መጀመሪያ "እንዲሁ ሲያምር ደስ ይለኛል" አለ። "እሱን ለሌላ ንገር" አልኩት። ክሩን በጥርሱ በጠሰ፣ መርፌውን ደረቱ ላይ ሰካ፣ ከዚያ ነገረኝ።

"ዘጠኝ ዓመቴ ነበር" አለ። "እናቴ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲጎድልባት ወደ ወንድሟ ላከችኝ፤ ሀብታም ነበር አጎቴ። እንግዶች ነበሩት፤ ምሳቸውን በልተው እስኪጨርሱ በር ላይ ቆምኩ። በኋላ አየኝና ከኋላ ኪሱ የተጨማደደ ገንዘብ አውጥቶ ወረወረልኝ። ጠረጴዛው ስር ገባ። በእንግዶቹ እግር መሃል በእጄና በጉልበቴ ድኼ አነሳሁት። አንዷ ሴትዮ እንዳልነካት እግሯን ሰበሰበች።" መርፌውን ከደረቱ ነቀለና፣ "ከዚያ ወዲህ የተጨማደደ ገንዘብ ሳይ የተለመነ ይመስለኛል። ስተኩሰው ሠርቼ ያገኘሁት ይሆንልኛል" አለ።

ለዚህ ምን ይባላል? በማግስቱ ጨርቁን ራሴ አርጥቤ ሰጠሁት።

እንዲህ ያለ ሰው ታዲያ ዋጋ ሲጠራ ብታዩት! ቀና ብሎ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ፍርድ የሚሰጥ ዳኛ ነው የሚመስለው። "ዚፕ መቀየር፣ ስምንት።" "ኮሌታ መገልበጥ፣ ስድስት።" የሸሚዝ ኮሌታ ጠርዙ ሲበላ ይፈታል፣ ይገለበጣል፣ ያልተበላው ወደ ውጭ ዞሮ ይሰፋል፤ ሸሚዙ ሌላ አምስት ዓመት ይለበሳል። በዚህ ሥራ ባሌን የሚያክለው የለም። ሰው ሁሉ ዋጋውን ይከራከረዋል፣ እሱም ይከራከራል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ያሸነፉ መስሏቸው ይለያያሉ። "ዋጋዬን ጠርቼ፣ ተከራክሬ የወሰድኩት ገንዘብ የእኔ ነው" ይለኝ ነበር። "ማንም ከጠረጴዛ ስር አላስገባኝም።"

ከተከራካሪዎቹ ሁሉ የባሰው አናጢው ነበር። ሱቁ መንገዱን ተሻግሮ ከእኛ ፊት ለፊት ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ጎረቤታችን ሆኖ ኖሯል። ምስማር ኪሱን የማይቀድበት ሳምንት የለም። የተቀደደውን ይዞ ይመጣና ገና ደጃፉን ሳያልፍ፣ "ዛሬ ደግሞ በስንት ልትዘርፈኝ ነው?" ይላል።

"ለአንተ ሰባት።"

"ሰባት! ኪስ ነው የምትሰፋው ወይስ ድንኳን?"

"ድንኳን ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ቢያንስ ውስጡ ሰው ይገባበታል። ያንተ ኪስ ከተሰፋ ጀምሮ ምን ገብቶበት ያውቃል?"

እንዲህ እያሉ ግማሽ ሰዓት። አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ወደ ደጃፋችን ጠጋ ብለው ያዳምጡ ነበር፤ አውቶቡሱ ያመለጠውም አለ። ሲጨርሱ አናጢው ከፍሎ፣ "በላኸኝ" ብሎ፣ እየሳቀ ይሻገራል። ባሌም "ይሄ ሰው ያደኸየኛል" ይላል፤ ሲል ግን ፊቱ በርቶ ነው።

የመጨረሻው ቀን እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። አናጢው የክት ኮቱን፣ ገበሩን ሊያስቀይር ይዞ መጣ። ባሌ ጥርሱን ያመው ነበር፤ ጉንጩ አብጦ፣ ከሰውም ከራሱም ተጣልቶ ነው የዋለው። "አርባ አምስት" አለ። "ሠላሳ" አለ አናጢው። "አርባ አምስት አልኩህ።" "ኧረ ተው ካውያው፣ ሠላሳ ሁለት..." ያኔ ባሌ ቀና እንኳ ሳይል፣ "ገንዘብ ከሌለህ ኮት ምን ያደርግልሃል?" አለው።

እኔ ከውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ቃሉ ያው የሁልጊዜው ቃል ነው፣ ድምፁ ግን ሌላ ነው። አናጢው፣ ያ መልስ የማያጣ ሰው፣ አልመለሰም። ኮቱን በሥርዓቱ አጠፈ፣ "እሺ ካውያው" አለ፣ መንገዱን ተሻገረ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር ወደቀ፤ አልተነሳም።

ከቀብር መልስ ባሌ ሱቅ ገብቶ መኪናው ፊት ተቀመጠ፤ የስፌት መኪናውን ማለቴ ነው። አልሰፋም። "ሃያ ስድስት ዓመት ካወራነው ሁሉ ይዞት የሄደው ያንን ነው" አለኝ። "አዝኖብኝ ሄዶ ይሆን?"

"እኔ ምን አውቄ፣ ሚስቱን ጠይቃት" አልኩት። አፌ ቁርጥ ይበል! ያኔ ለስለስ ማለት ነበረብኝ።

ፊቱ አመድ መሰለ። "እውነቱን ብትነግረኝስ?" አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የአናጢውን ሚስት ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ሴትዮዋ የምትኖረው ከአናጢ ቤቱ ጀርባ ነው፤ መስኮቷ ደጃፋችንን ያያል። ሰው ፊት ለፊቱ ካለ ጎረቤት እንዴት አድርጎ ይሸሻል? እሱ ግን ተካነበት። ሰላምታዋን እንኳ የምቀበለው እኔ ነበርኩ። የሚያስጨንቀው ያቺ አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ አንድም ሊጠይቃት አልደፈረ፣ አንድም ሊተዋት አልቻለ።

በሳምንቱ፣ "ከእንግዲህ ከአፌ ዋጋ አይወጣም" አለኝ።

"ምን ማለት ነው?"

"ዋጋ አልጠራም። ሰው የፈለገውን ይስጥ፤ ካልፈለገ ሳይሰጥ ይሂድ። ሰው ከዚህ በር ሲወጣ የመጨረሻው ቃሌ ስለ ገንዘብ እንዲሆን አልፈልግም። የትኛው ተመልሶ እንደሚመጣ፣ የትኛው እንደማይመጣ ምን አውቄ?"

"እና እኛ ምን እንብላ?"

"ፈጣሪ ያውቃል።"

"እሱማ ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ነኝ እንጂ!"

አልሰማኝም። ከስስ ጣውላ ሣጥን ሠራ። አቤት ሣጥን! አንዱ ጎን ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ ምስማሩ በሌላ በኩል ብቅ ብሎ የሚያይ። "ይሄንን አናጢው ቢያየው ሁለተኛ ይሞት ነበር" አልኩ፤ ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ባሌ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ሲስቅ ቆይቶ ሳቁ ለቅሶ ሆነበት። ሣጥኑን በሩ አጠገብ ሰቀለው፣ መኪናውንም አዙሮ ጀርባውን ለሣጥኑ ሰጠ። "የሰጠኝንም አላይ፣ ያልሰጠኝንም አላይ" አለ። ገንዘብ መተኮሱንም ተወ። ካውያው ከዚያ በኋላ ልብስ ብቻ ሆነ ሥራው።

ሰፈሩ ጉድ አለ። ግማሹ "አበደ"፣ ግማሹ "ተባረከ" አለ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት "የንግድ ዘዴ ነው፤ ይሄ ሰው ቀላል እንዳይመስላችሁ" ብሎ አስወራ። አንዲት አሮጊት የልጃቸውን ሸሚዝ አምጥተው፣ "ስፌት አያስፈልገውም፣ እንዲሁ በእጅህ ዳሰስ አድርግልኝ" አሉት፤ ልጃቸው ሥራ እንዲያገኝ! ባሌ ግራ ገብቶት ዳሰሰላቸው። አንድ ሹፌር ቁልፍ አስተክሎ ሲያበቃ፣ ሣጥኑ ውስጥ ሌላ ቁልፍ ከትቶ ሄደ። የጨርቅ ነጋዴዋ ደግሞ ትልቅ ኖት እላይ አንስታ፣ "ይኸው አስገባሁ! እያያችሁ ነው?" አለች፤ ማን እንዳየላት እንጃ፣ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

የሚገርመው ግን በመጀመሪያው ወር ከድሮው የበለጠ ገባ። ባሌም ፊቱ ፈካ። አንድ ቀን ሱሪ ወደ ብርሃን አንስቶ እያየ፣ "ይገርምሻል፣ ድሮ ሱሪ ሲመጣልኝ የማየው ስምንቱን ነበር" አለኝ። "አሁን ሱሪውን አያለሁ። የዚህ ሰውዬ ሱሪ የሳሳው የቀኝ ጉልበቱ ብቻ ነው። ለምን ይመስልሻል?"

"ይጸልይ ይሆናል" አልኩት።

"በአንድ ጉልበት?"

ሁለታችንም ስናስብበት ዋልን። በኋላ ሰውዬው ጎማ ጠጋኝ መሆኑን ሰማን። እንደዚህ ያለ ነገር ድሮ ጠይቀን አናውቅም ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ ከሣጥኑ ያወጣሁትን አሮጌ ኖት ተቀብሎ እያገላበጠ፣ "ይሄ ስንት እጅ አልፎ ይሆን?" አለ። "ስተኩሰው የእነዚያን ሁሉ ሰዎች እጅ የማጠፋለት ይመስለኝ ነበር። ምን አድርገውኝ ነው?" እኔ እንጃ አልኩት። የእውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለው ጥያቄ ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ግን ሲጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር።

የከፋው የእኔ ነገር ነው። ሣጥኑ ስር በርጩማ አስቀምጬ ሽንኩርት እልጣለሁ፤ እጄ ሽንኩርት ላይ፣ ጆሮዬ ሣጥኑ ላይ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በድምፅ መለየት ቻልኩ። ትልቁ ሳንቲም ዱብ ይላል፣ ትንሹ ይንጫጫል። ወረቀት ድምፅ የለውም፤ ሰውዬው ግን ሲከት ትንፋሹን ይይዛል። ወረቀት የከተተውን፣ "ደህና ዋልክ የኔ ጌታ! ቤተሰብ ሰላም ነው?" እለዋለሁ። ሳንቲም የጣለውን በአገጬ ነው የምሸኘው። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ምንም ሳይከቱ ወጡና "ደህና ዋይ ልጄ" አሉኝ፤ አልመለስኩላቸውም። ሰማሁ፣ አልመለስኩም!

ከሄዱ በኋላ ቢላዋውን ይዤ ፍዝዝ አልኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ወዳዱ እሱ ነው፣ እኔ ምንም የለብኝም ስል ኖሬ፣ ለካስ የእኔው ሆዴ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ባሌ በልብስ ላይ ዋጋ መጥራቱን ሲተው፣ እኔ በሰው ላይ በልቤ መጥራት ጀመርኩ። አፈርኩ። በርጩማዬን አንስቼ ወደ ውስጥ አስገባሁት፤ ጆሮዬን ግን የት ላስገባው?

በሦስተኛው ወር ደንበኛው እየሳሳ መጣ። ግራ የገባን መቅረታቸው ብቻ አይደለም፣ የሚቀሩት እነማን መሆናቸው ነው። እኛ የጠበቅነው ድሃው ተሰልፎ ሀብታሙ እንዲሸሽ ነው፤ ነፃ ሲባል የማይሮጥ ማን አለ? ግን ነጋዴዋ ትመጣለች፣ ጡረታ የወጡት ዳኛ ይመጣሉ። የቀሩት መንገድ ጠራጊው፣ ተሸካሚው፣ ልብስ አጣቢዋ ናቸው።

"ልብሳቸው መቀደድ ትቶ ይሆናል" አለ ባሌ።

"ድህነት ቀረ በለኛ!" አልኩት።

በተለይ የልብስ አጣቢዋ ነገር ከነከነኝ። ከአናጢው ቀጥሎ ባሌን ላብ የምታስወጣው እሷ ነበረች። የልጇን የትምህርት ቤት ልብስ ይዛ ትመጣለች፤ ለአንዲት ሳንቲም መሃላ ትደረድራለች። "ልጄ ትሙት ጋሼ፣ ከአምስት በላይ የለኝም!" ልጇ በመሃላዋ ስንት ጊዜ እንደሞተች እንጃ፣ ደግነቱ እስከ ዛሬ ጤነኛ ናት። ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ቀርቶ በነፃ ሲባል እግሯን አነሳች። ለምን? ነገሩ ደግሞ እየከፋ ነበር፤ መኪናው ሦስት ቀን ሙሉ ያልጮኸበት ሳምንት መጣ። ባሌ "እንሽጠውና ዘበኛ ልቀጠር" ማለት ጀመረ። አውቀዋለሁ፣ ከዚያ መኪና ተለይቶ ይህ ሰው ሰው አይሆንም።

ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ልብስ አጣቢዋን ፍለጋ ወጣሁ። የምትሠራው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባለው ሆቴል ግቢ ነው። አንሶላው በመደዳ ተሰጥቶ ግቢው በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ ከስሩ በሚታየው እግሯ ነው የለየኋት። አንሶላውን ገለጥ ሳደርግ ደነገጠች። የቀሚሷ ጠርዝ ተተርትሮ ዙሪያውን በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

"አንቺ! ጠፋሽ እኮ!" አልኳት።

"ሥራ በዝቶብኝ ነው እትዬ።"

"ይሄን ቀሚስ በመርፌ ቁልፍ ከምትይዢው ለምን አታመጪውም? በነፃ እኮ ነው!"

እጇን በሽርጧ ጠረገች። "እሱ ነዋ" አለች።

"እሱ ምኑ?"

"ነፃው ነዋ!" ድምጿ ከፍ አለ። "እትዬ፣ ድሮ ጋሼ ስምንት ይሉኛል፣ እኔ አምስት እላለሁ፣ ተጨቃጭቀን ስድስት ከፍዬ እወጣለሁ። ስወጣ አንገቴን ቀና አድርጌ ነው። አሁን ምን ልክተት ይበሉኝ? ስድስት ብከት፣ ሌላው ሃያ ከትቶ እንደሆነስ እላለሁ። ሃያ ብከት ልጄ ምን ትብላ? ምንም ሳልከት ልወጣ ስል ደግሞ ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል። እርስዎም ሽንኩርትዎን ይዘው እዚያ ሣጥኑ ስር..." ቃሏን ዋጠች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ሲጨቃጨቁኝ እኮ ሰው ነበርኩ" አለች ቀስ ብላ። "አሁን የሚታዘንልኝ ሆንኩ።"

ጎንበስ ብላ እርጥብ አንሶላ ከገንዳው አወጣች። አንዱን ጫፍ ያዝኩላት፤ እሷ ወደ ቀኝ እኔ ወደ ግራ እየጠመዘዝን ጨመቅነው። ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሳሰላስል ነበር። ዋጋ ማለት ሰውን ከሰው የሚለይ ክፉ ነገር ነው ብለን አልነበር? ታዲያ ሲጠፋ ይቺን ሴት ምን ጎደላት?

ቤት ስደርስ ጫማዬን ሳላወልቅ "ጉድህን ስማ!" አልኩት። የነገረችኝን ቃል በቃል ነገርኩት፤ የእኔንም የሽንኩርቱን ነገር አልደበቅኩም።

"እኔ እኮ ለእነሱ ብዬ ነው" አለ።

"ለራስህ ብለህ ነው! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉሃል ይሄ ነው። አንተ የራስህን እጅ ልታነጻ ሰውን ከጠረጴዛ ስር አስገባህ። አጎትህም እኮ የሰጠህ በነፃ ነው!"

ይሄን ስል ራሴም ደነገጥኩ። አንዳንዴ አፌ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል። ባሌ መቀሱን አስቀመጠ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያን ጠማማ ሣጥን ረዥም ጊዜ አየው፤ ከሰቀለው ወዲህ ሲያየው ያየሁት ያን ቀን ነው።

"ልክ ነሽ" አለ። "ግን ዋጋ ልጠራ አፌን ስከፍት የሚታየኝ እሱ ነው፤ ኮቱን ሲያጥፍ። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ምን ላድርግ?"

"የምታደርገውንማ ከተቀበረ ጀምሮ ታውቀዋለህ" አልኩት። "መንገድ መሻገር ነው።"

እሁድ ከሰዓት ሄድን። አሥራ አምስት እርምጃ የማይሞላ መንገድ ነው፤ ባሌ ግን አንዴ ቁልፍ ረሳሁ፣ አንዴ መሀረብ ረሳሁ እያለ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። የአናጢው ሚስት በሩን ከፍታ እሱን ስታይ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"አራተኛ ወርህ ነው" አለችው። "መንገድ ስትቀይር በመስኮት ሳይህ ከረምኩ። ባሌን ነው የቀበርኩት፣ አንተን መቼ ቀበርኩህ?"

ባሌ በር ላይ እንደቆመ፣ "እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ" አላት። "ያን ቀን ኮቱን ይዞ ሲመለስ፣ አዝኖብኝ ነበር?"

እኔ ከኋላው ሆኜ ዓይኔን ጨፈንኩ። በልቤ "ዋሺው" አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ "አትዋሺው" አልኩ። የቱን እንደተመኘሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

"አዎ" አለች። "በጣም።"

ባሌ መቃኑን ደገፍ አለ።

"ኮቱን አልጋው ላይ ወረወረው። ምሳ አልበላም አለ። ሲሰድብህ ነው የዋለው፤ የሰደበህን ስድብ ብነግርህ አንተ በተራህ ታኮርፋለህ። የት ልትሄድ ነው? አልጨረስኩም እኮ፣ ግባና ተቀመጥ!"

ገብተን ተቀመጥን። እሷ ቆማ ቀጠለች።

"አመሻሹ ላይ ብቻውን ሲስቅ ሰማሁት። 'ምን ሆንክ?' ብለው፣ 'አገኘሁለት!' አለኝ። 'ምኑን?' 'መልሱን ነዋ! ገንዘብ ከሌለህ ኮት ምን ያደርግልሃል ሲለኝ ምን ማለት እንደነበረብኝ አሁን መጣልኝ።' ከዚያ እኔን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ መነጽሩን ግንባሬ ላይ ሰቅሎ፣ 'አንቺ ካውያው ሁኚ' አለኝ። በማግስቱም እንደዚያው። ድፍን ሁለት ቀን ካውያው ሆኜ ዋልኩልህ! 'እሱ እንደዚህ አይልም፣ ጠንከር በዪ እንጂ' ይለኛል። ለምን አትሄድለትም ብለው፣ 'ጥርሱ ይሻለው፤ የታመመ ሰው አሸነፍክ እንዳልባል' አለኝ። አልደረሰም።"

ባሌ አፉን በመዳፉ ያዘ።

"ምን ሊለኝ ነበር?" አለ።

ሴትዮዋ ትከሻዋን ሰፋ፣ ራሷን ዘንበል አደረገች። ወይ ጉድ! ቁርጥ እሱን። "ገንዘብማ አለኝ" አለች በእሱ ድምፅ፤ "'በካውያ ያቃጥለኛል፣ እሱ ጋ አልሄድም' ብሎ አስቸገረኝ እንጂ። ሠላሳ ሦስት!"

ባሌን አየሁት። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። እንባው በጉንጩ ላይ እየወረደ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ።

"አርባ አራት" አለ።

"አርባ አራት! ገበር ነው የምትቀይረው ወይስ ጣራ?"

"ጣራ ቢሆን ባልሽ ይሠራው ነበር። አርባ ሦስት ተኩል።"

"ሠላሳ አራት፤ እሱንም ለጥርስህ ብዬ ነው!"

ስንቱን ልንገራችሁ? እየሳቁ ያለቅሳሉ፣ እያለቀሱ ይከራከራሉ። እኔም መሀረቤን አውጥቼ ተንሰቀሰቅኩ። በስንት ተስማሙ? አልተስማሙም። ሠላሳ ስምንት ላይ ስትደርስ ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና፣ "ደከመኝ፣ ነገ እመጣለሁ" አለችው። "ነይ፣ አልወርድም እንጂ" አላት።

ስንወጣ ወደ ቤት የምንገባ መስሎኝ ነበር። ባሌ መንገዱ መሃል ቆሞ፣ "የልብስ አጣቢዋ ቤት በየት በኩል ነው?" አለኝ። ወሰድኩት። የግቢዋ በር ተዘግቷል። አላንኳኳም፤ ጉሮሮውን ጠረገና ጎረቤት እስኪሰማ፣ "የቀሚስ ጠርዝ፣ ስምንት!" ብሎ ጮኸ።

ከውስጥ መልስ የለም። እኔ በሃፍረት ሞትኩ። ተቀይማን ከሆነስ? አሁንም ካልገባንስ? ባሌ ግን አልተንቀሳቀሰም፤ ፊቱን በሩ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። ቆይቶ የእግር ኮቴ ሰማን፤ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ስምንት?" አለች ከበሩ ጀርባ። "ጋሼ፣ ምን ነካዎት? አራት!"

"ሰባት ተኩል።"

"ልጄ ትሙት፣ ከአራት በላይ አልሰጥዎትም!" አለችና በሩን ከፈተችው። ቀሚሱን በክንዷ ይዛለች።